የተጠማው ጦስኝ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 19 ቀን 1976 ዓ.ም.

ተመስገን። ከእግዜር ቀጥሎ ደግሞ አባባ ቶላ ይመስገኑ።

እኚህ የላፍቶ ገበሬ የመሥሪያ ቤታችንን የመድኃኒት ተክል የሚንከባከቡልን ናቸው። ለሥልጠና ክፍለ አገር ስሄድ ጦስኙን በየቀኑ እንዲያጠጡልኝ አደራ ብዬ ነበር። ዓርብ ስመለስ አንዱ መደብ ለምልሟል፤ ሌላው ጠውልጎ ቅጠሉ ኮስምኗል። ጓድ ኃላፊያችን ከጦስኙ የሚወጣው ዘይት ዘንድሮም ካነሰ ቦታው ጎመን ይተከልበታል ብሎኛል። ደሜ ፈላ፤ በሰው ፊት ጮኽኩባቸው።

እሳቸው ግን ረጋ ብለው፣ «ይህን እንዳልከኝ አጠጣሁት፤ ያንን ሆን ብዬ ተውኩት። ጦስኝ የተራራ ነው፣ ሲጠማ ነው የሚሸተው። አንተ እንደ ጎመን አሳደግከው» አሉኝ። ጭራሽ ባሰብኝ።

ዛሬ ከሁለቱም መደብ እኩል ቅጠል መዝነን ዘይቱን በእንፋሎት አወጣን። የተጠማው የሰጠው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ኃላፊው ብልቃጡን ደጋግሞ አሸተተና «ይቀጥል» ብሎ ወጣ።

ሮጬ ወደ አትክልቱ ሄድኩ።

«አባባ፣ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«ሳሉስ ተሻለህ?» አሉኝ።

ዓርብ ስጮህ ሳል ሲያፍነኝ አይተው ኖሯል። ቅዳሜ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ እፍኝ ጦስኝ አግኝቼ፣ ማን እንዳመጣው እንኳን ሳልጠይቅ እስከ ትናንት በሻይ ስጠጣው ነበር። ሳሉ ለቆኛል።

«ከየትኛው መደብ ነው የቆረጡልኝ?»

«ከተቆጣህበት ነዋ።»