አዲሱ ዊንዶው ይመጣል የተባለ ሰሞን

መስከረም 12፣ ሰኞ

ዝናቡ አልወጣም። ደሴ መቼ ነው በመስከረም ፀሐይ ያየችው… ሱቁን ከፈትኩ። ወለሉን ወለወልኩ። ልጄ ሰርካዲስ ሦስት ማመልከቻና አንድ የኪራይ ውል ጻፈች። ኮፒ ማሽኑ ወረቀት ሲበላ ዋለ።

ቧንቧ ውሃ ሰፈር ውስጥ እንደኛ ያለ የጽሕፈት ሥራ ቤት አራት አለ። እኛ ያለን ሁለት ኮምፒውተር ነው። ፊደል የለየሁት በነሱ ነው፣ በሃምሳ አራት ዓመቴ። ከዚያ በፊት በጣቴ ነበር የምፈርመው። ባሌ ደጉ፣ ነፍሱን አይማረውና፣ ሐርቡ ያለውን የአባቴን መሬት በዚሁ ጣቴ አሸጠኝ። እጄን ጠምዝዞ ቀለሙ ውስጥ ሲነክረው ጣቴ ቋ ሲል ሰምቻለሁ። ዛሬም ብርድ ሲሆን ያመኛል።

ከሰዓት ጁነይድ መጣ። የጎረቤቴ የሱሀይላ ልጅ፣ ኮምፒውተር ጠጋኝ። ሠላሳ ዓመት አልፎትም እያፏጨ ነው የሚገባው።

«እማማ አትጠገብ፣ ሰሙ? ጥቅምት አራት አሮጌው ዊንዶው ያበቃለታል።»

ዊንዶው የሚሉት ኮምፒውተሩን የሚያነቃውን ነገር ነው። እሱ ከሌለ ሳጥን ነው፣ ፊደል የለም፣ ምን የለም።

«ያበቃለታል ማለት?»

«ማደሻ አይላክለትም ማለት ነዋ። መሥራቱን ይሠራል። ሌላው የሚወራው ወሬ ነው፣ አብሽሩ።»

ሳቀ። ሰው ሲፈራ የሚስቅ ሰው አልወድም።

መስከረም 19፣ ሰኞ

ወረቀትና ቀለም ልገዛ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሙቀቱ… ያገለገለ ኮምፒውተር የሚሸጠው ጸጋው ወንበር ሰጠኝ። ውሃ አስመጣልኝ። እኔን ወንበር የሚሰጠኝ ብዙ ሰው የለም።

«አዲሱ ዊንዶው ሊወጣ ነው፣ እናቴ። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ከገባ ጥርቅም አርጎ ይቆልፈዋል።»

«የግዕዝ መጻፊያውስ?»

«እሱማ የለም በሉት።»

«ማን ነው የሚያስገባብን?»

ድምፁን ቀነስ አደረገ። «እነዚህ ሱቅ ለሱቅ የሚዞሩት ጠጋኞች ናቸው። ፍላሽ ይሰኩና ይሄዳሉ። ቀኑ ሲደርስ ጸጥ። ከዚያ ለማስጠገን ማን ጋ ይሄዳሉ? ያው ጠጋኙ ጋ።»

የሚሸጥ ሰው መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም… ይህን ሁሉ ከመሬት ተነስቶ ይናገራል?

መስከረም 22፣ ሐሙስ

ለሁሉም ነገርኩ። ሰው ሰማኝ! ሁለት በር አልፎ ጽሕፈት ሥራ ያለው ሀምዱ ከነብርጭቆው ወጥቶ «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለ። የፀጉር ቤቷ ሳምሪ ሳይቀር ደንበኛዋን ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ትታ መጣች። ስድሳ አንድ ዓመት ኖሬ እንዲህ ተከብቤ አላውቅም። ትንሽ ጨመርኩበትም መሰለኝ።

መስከረም 27፣ ማክሰኞ

ጁነይድ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ነው። ፍላሽ ይዞ! አዲሱ በኢንተርኔት ሾልኮ እንዳይገባ በሩን እዘጋለሁ ይላል። ለሀምዱ ዘጋለት። ለሰርካዲስም ሊዘጋላት መጣ።

በሩ ላይ ቆምኩ። «አትነካውም።»

«እማዬ ተይ፣ እባክሽ» አለች ሰርካዲስ።

«ኮምቦልቻ ያለው ሰው…»

«እማማ፣ የኮምቦልቻው ሰው ሃምሳ ኮምፒውተር ቆልሎ ገዢ አጥቷል» አለ ጁነይድ። ደግሞ ሳቀ። በጎኔ አልፎ ገባ፣ በገዛ ቤቴ። ፍላሹን ሰካ።

እጁን አየሁት። ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው። ብመታው ብዬ አሰብኩ። ዝም ብሎ መጣብኝ።

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ

ሰው ሁሉ ቀኑ ሳይደርስ ላስጽፍ ብሎ ተሰልፏል። የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ ውክልና፣ የዕድር ደንብ… አንዱ ከገራዶ የመጣ ገበሬ ሰልፍ ጥሶ ገባ። ከኋላው ያለው በቡጢ አፉን አለው። ጥርሱ ኮፒ ማሽኑ ሥር ገባ። ደሙ የሰው ማመልከቻ ላይ ተረጨና እንደገና አተምን። ጥርሱን በመጥረጊያ አወጣሁት። ባለቤቱ አልጠየቀም።

ወሬው በዝቷል። አዲሱ ዊንዶው ሰው የሚናገረውን ሰምቶ ይጽፋል አሉ። የተሰረቀ ኮምፒውተር ያጋልጣል አሉ። ጸሐፊ የሚባል አይኖርም አሉ። ታዲያ ልጄ ምን ትሆናለች? እንደኔ የሰው ልብስ ልታጥብ?

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ነገ ነው።

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ጠዋት መብራት ጠፋ። ሁለት ሰዓት ያህል ጠፍቶ ቆየ። አራት ሰዓት ላይ ሲመጣ የኛ ኮምፒውተሮች ጧ! ጧ! አሉ፣ ሁለቱም። ጭስ። ሰርካዲስ እሪ አለች። ሮጬ ወጣሁ። ሀምዱም ወጥቷል፣ የሱም ጨሷል። ከላይ ያሉት ሁለቱ ሱቆችም።

ጁነይድ ከታች እየሮጠ መጣ። ሊረዳ ነበር አመጣጡ። አሁን ነው የማውቀው።

«እሱ ነው! እሱ ነው የገደላቸው!» የኔ ድምፅ ነው። ሌላ ማንም አልነበረም ቀድሞ የተናገረ።

ከዚያ… ሀምዱ በዱላ ጀርባውን ደለቀው። የማላውቃቸው ሰዎች በእርግጫ። ሙስሊሙም መታ፣ ክርስቲያኑም መታ። የወደቀ ሰው ላይ ሁሉም አንድ ነው። የሱቁን በር የምንደግፍበት ብረት እጄ ላይ ነበር። መቼ አነሳሁት? በሰው እግር መሃል ቀኝ እጁን መሬት ላይ አየሁት፣ ጣቶቹ ተከፍተው። ደጉን አየሁ መሰለኝ። ጸጋውን፣ መሬቴን፣ ቀለሙን… አወረድኩት። ደግሜ አወረድኩት። ድምፁን አውቀዋለሁ፣ ከእርጥብ እንጨት አይለይም።

ማንም አላየኝም። ቀሚስ የለበሰች አሮጊት ማን ያያል።

ብረቱን ላጥብ ጓዳ ገባሁ። ጓዳው መስኮት የለውም። ማብሪያውን ተጫንኩ። አልበራም። በኩራዝ አየሁ፣ አምፖሉ ጠቁሯል። ውጭ ሳምሪ «ካስኬ! ካስኬ ተቃጠለ!» እያለች ትጮኻለች። ካስክ ላይ ዊንዶው የለም። አምፖል ላይ ዊንዶው የለም።

መብራቱ ነው። ከልክ በላይ መጥቶ ያገኘውን ሁሉ አቃጠለ።

እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ፖሊስ መጣ። መንገዱ ሁሉ ዕውር ሆነ። «አላየንም።» «ግርግር ነበር።» ፖሊሱ እኔን «እማማ፣ ከመንገድ ዞር ይበሉ» አለኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ጁነይድ ሆስፒታል ነው። ራሱ ተሰፍቷል። ጎኑ ይድናል። ቀኝ እጁ… ሁለት ጣቱ አይመለስም አሉ። በእጁ ነው የሚበላ፣ ሚስትና ልጅ አለው። ሱሀይላ በበሬ ስታልፍ «እስቲ ዱዓ አርጊልኝ፣ አትጠገቤ» አለችኝ። ምጥ ይዞኝ ደጉ በር ዘግቶብኝ ሲሄድ በሩን ሰብራ የገባች ሴት ናት። ሰርካዲስን የተቀበሏት የሷ እጆች ናቸው።

«አደርጋለሁ» አልኳት።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ሰርካዲስ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ዛሬ ሳህን እያጠበች፣ ሳትዞር፦ «እማዬ፣ የበሩ ብረት የት ሄደ?»

«ጠፋ።»

«ጠፋ…» አለች። ሳህኑን አስቀመጠች። ወጣች።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ሽማግሌዎች ነገሩን ያዙት። ሼህ ሙሄዲንና ቄስ ወንድምአገኘሁ። ነገ አውጫጭ ነው። በዚያ ቀን መንገዱ ላይ የነበረ ሁሉ ይሰበሰባል። እጁን የሰበረው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እያንዳንዱ የሼሁን ዱላ ተሻግሮ «እጄ የለበትም» ይላል። በሐሰት የተሻገረ ዘሩ አይባረክም።

ሁሉም ማለት ወንድ ሁሉ ነው። ሴት አልተጠራችም። ዕድሜዬን ሙሉ ያልጠራኝ ሸንጎ ዛሬም አልጠራኝም። ደስ ይበለኝ?

ሀምዱን ነው የሚያሙት። ዱላ ይዞ ታይቷል።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ልጻፈው።

ዕድሩ ግቢ ነበር። እኛ ሴቶች አጥሩ ጋ ቆመናል። ወንዶቹ አንድ በአንድ ተሻገሩ። አንዳንዱ «በእርግጫ መትቻለሁ፣ እጁን ግን አልነካሁም» እያለ። ሀምዱ ተራው ደረሰ።

«ጀርባውን መትቻለሁ። ወላሂ እጁን አላየሁትም።»

«ትዋሻለህ!» የጁነይድ አጎት ተውፊቅ ዘሎ አነቀው። ወደ መሬት ጣለው። ሌሎችም ተነሱ። ቄሱ «ኧረ ስለ ማርያም!» ይላሉ፣ ማን ይሰማል። የሀምዱ አይን ተገለበጠ። ጉሮሮው ሲንቋረር እስከ አጥሩ ይሰማል። ያው ነገር እንደገና ሊሆን ነው፣ እኔ ደግሞ ቆሜ ልመልከት?

ሄድኩ። በሰው መሃል ገፍቼ።

«ሴት አትሻገርም!» አለ አንዱ።

ዱላው ላይ ቆምኩ። አልተሻገርኩም። «እጄ አለበት» አልኩ። ቀስ ብዬ ነበር ያልኩት። ደገምኩት። «በበሩ ብረት። ሁለት ጊዜ። ልቀቁት፣ እኔ ነኝ።»

የተውፊቅ እጅ ከሀምዱ ጉሮሮ ላይ ተላቀቀ። ሀምዱ እያሳለ በጉልበቱ ሄደ። ሼሁ «አንቺ ሴትዮ፣ ምን ትያለሽ?» አሉ። ያላመኑኝ ይመስላሉ። ሱሀይላ ግን አመነችኝ። ወዲያው። አጥሩን ዞራ መጣች፣ አልሮጠችም። በጥፊ መታችኝ። በሌላው እጇ ደግማ። ነጠላዬ ወደቀ፣ አፌ ደም ደም አለኝ። ሊይዟት ሲነሱ «ተዉኝ!» አለቻቸው።

«ዱዓ አርጊልኝ ስልሽ…» አለች።

ሽማግሌዎቹ ካሳ አነሱ። ጉማውን፣ የደሙን ዋጋ፣ በብር ሊቆርጡ።

«ብር ቤቴ አይገባም» አለች ሱሀይላ። «እጅ ነው የወሰደችው። እጇን ታምጣ።»

ገባኝ ብዬ ተንበረከክሁ። ቀኝ እጄን የግቢው በር ድንጋይ ላይ ዘረጋሁ። ትስበረው። እውነቴን ነው፣ ፈልጌ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ በጥፋቴ ብመታ።

ከላይ አየችኝ። «አንሺው። የተሰበረ እጅ ምን ያደርግልናል? ልጄ ሲሻለው ጠዋት ጠዋት እጅሽን ይዘሽ ሱቁ ትመጫለሽ። እሱ ይነግርሻል፣ አንቺ ኮምፒውተሩን ትፈቻለሽ፣ ትገጥሚያለሽ። በቃኝ እስኪል።»

ሼሁ ቄሱን አዩ፣ ቄሱ ሼሁን። «ተስማማሁ» አልኩ ሳይጠይቁኝ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

የመጀመሪያ ቀን። የጁነይድ መጠገኛ ሱቅ ጠባብ ነው። ወንበሩን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ተቀምጧል። እጁ ተጠቅልሏል። ፉጨት የለም።

«ብሎን ታውቂያለሽ?» አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ እርስዎ ሲለኝ የኖረ ልጅ።

«አላውቅም።»

«አጥንት ብቻ ነው የምታውቂው።»

የኛን ኮምፒውተር አስፈታኝ። መብራት የሚቀበለው ሳጥን ብቻ ነው የተቃጠለው። ቀየርነው። ተነሳ። አሮጌው ዊንዶው እንዳለ፣ ፊደሉ እንዳለ። ሥራውን ጀመረ።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

እንደ ልማዱ ሰደበኝ። «ቀስ! በሬ የምትጠምጂ መሰለሽ?» ሚሞሪ የሚሉትን የኮምፒውተሩን ቀጭን ነገር ልሰብረው ነበር። ሚስቱ ለይላ ምሳ አምጥታ ለሱ አቀረበች፣ ለኔ ጀርባዋን ሰጠች። ሰርካዲስ ማታ «እንዴት ዋልሽ» አለችኝ። ከጥቅምት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

ጥር 6፣ ረቡዕ

ሀምዱ መጥቶ አዲሱ ዊንዶው ለፋሲካ ይወጣል ይባላል አለ። ጁነይድ እኔን አየኝ። እኔ የያዝኩትን ብሎን አየሁ። ሀምዱ ትንሽ ቆሞ ሄደ።

በነዚህ ሁለት ወራት ጁነይድ ከግድግዳው ተላቆ አያውቅም። እኔ ስገባ ይቀመጣል፣ እኔ ስወጣ ይነሳል። ዓይኑ እጄ ላይ ነው። መፍቻውን ከፍ ካደረግሁ ትከሻው ይሸማቀቃል፣ ራሱም አያውቀው ይሆናል። ደጉ ሲገባ የኔም እንዲያ ነበር። ይህን ነው የሠራሁት። ሁለት ጣት ብቻ አይደለም።

ዛሬ የአንድ ደንበኛ ኮምፒውተር አልነሳ አለ። ሁሉን ሞከርን። ተናደደ። «ቆይ፣ ገመዱ ይሆናል» አለና ተነሳ። ጠረጴዛው ሥር ገባ፣ በግራ እጁ እየዳበሰ። ጀርባው ወደኔ፣ ማጅራቱ ወደኔ። የተሰፋው ቦታ ላይ ፀጉር አልበቀለም።

ትልቁ መፍቻ እጄ ላይ ነበር። አልተንቀሳቀስኩም። መተንፈስም ፈራሁ።

«አብሪው እስቲ» አለ ከሥር።

አበራሁት።