ማሽኑ እንዳይበርደው ያለበስነው ልብስ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለውድ ቤተሰብዎ፣ ለቢሮዎ ምንጣፍና በየጠዋቱ ተወልውሎ ጥላ ሥር ለሚቆመው መኪናዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደ አልትራሳውንዳችን ይሁን፤ ሳይነካ፣ ሳይደፈር፣ አቧራ ሳያርፍበት ዘመናትን ይሻገር። ይህን የምመኝልዎ ከአንገት በላይ አይደለም። አንድ ቀን ሆድዎን ቢያምዎና ውስጡን ማየት ቢያስፈልግ፣ ይህ ሆስፒታል ምን ሊያደርግልዎ እንደሚችል ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ምናልባት ማን እንደሆንሁ ዘንግተውኝ ይሆናል። ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት፣ በፎቶ ቤቱና በመድኃኒት ቤቱ መካከል ባለችው ጠባብ ሱቅ የምሠራው ልብስ ሰፊ ነኝ። የነርሶቹን ጋውንና የጥበቃዎቹን ዩኒፎርም የምሰፋው፣ እርስዎም ትንሽ ሲመችዎ የሱሪዎን ወገብ ለቀቅ የማደርግልዎ እኔው ነኝ። ከሁሉም በላይ ግን አልትራሳውንዱ የለበሰውን ወይን ጠጅ ቬልቬት ሽፋን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ስለ ሆስፒታል አሠራር ለመናገር ምን ቆርጦኝ፤ ስለ ገዛ ስፌቴ ለመናገር ግን ማንም አይከለክለኝም ብዬ ነው ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ የምለጥፈው። በጸሐፊዎ በኩል የላክሁት ልመና ከትናንት ጀምሮ የውሃ ሽታ ስለሆነብኝ፣ ምናልባት በሩ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ቢሰቀል ሲያልፉ ያዩታል ብዬ ተስፋ አድርጌአለሁ።

ጉዳዬ አጭር ነው። ልጄ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ከትናንት ጀምሮ ደም እየፈሰሳት በወሊድ ክፍላችሁ ተኝታለች። በእሷ አልጋና በአልትራሳውንዱ መካከል ሁለት በር ብቻ አለ። አልትራሳውንዱ ግን ተሰፍቷል። የምጠይቀው እንዲፈታ ነው። ይህን ያህል በአንድ ትንፋሽ ከተናገርሁ በኋላ፣ ለክብርዎ በሚገባው ወግ በተራ በተራ ላስረዳ።

አንደኛ፣ ምስጋና ይቅደም። ማሽኑ እንዴት እንደመጣ ረስተውታል ብዬ አልጠረጥርም፤ ቢሆንም ማስታወስ አይጎዳም። ሹፌሮቹ በየመኪናቸው የመዋጮ ሣጥን አንጠለጠሉ። ዳቦ ጋጋሪዎቹ ከትርፋቸው፣ አስተማሪዎቹም ከደመወዛቸው ሰጡ። ባለቤቴ የምትሰጠው ብታጣ የሠርጓን የጆሮ ጉትቻ አውልቃ ሣጥኑ ውስጥ ከተተችው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ሐሳብ ሲገባት እጇ ወደ ጆሮዋ ይሄድና ባዶውን ዳብሶ ይመለሳል። የጎደለውን የበጎ አድራጎት ማኅበሩ ሞላውና ማሽኑ በጭነት መኪና ከተፍ አለ። ያን ቀን የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ እኚያ ጡረታ የወጡት ነርስ፣ በዓመቱ ተመልሰን ስንመጣ በጥሩ ሁኔታ ካገኘነው የራጅ ማሽን እንጨምርላችኋለን ብለው ቃል ገቡ። እኛ ተራ ሰዎች፣ ተሠርቶበትና ሰው ጠቅሞ ከተገኘ ማለታቸው ነው ብለን እልል አልን። የእርስዎ አእምሮ ግን ከሁላችን ቀድሞ ሄደ፤ ዕቃ በጥሩ ሁኔታ የሚቆየው ማንም ካልነካው መሆኑን እዚያው ቆመው ተረዱት። በማግሥቱ እኔን አስጠሩኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሽፋኑ። በዕድሜዬ ብዙ ሙሽራ አልብሻለሁ፤ እንደዚያ ማሽን ግን የተጨነቅሁለት ሙሽራ የለም። ሜትሬን ይዤ ብዞረው ትከሻው ሰፊ፣ አንገቱ ረጅም፣ ወገቡ ደግሞ ቀጠን ያለ ሆኖ አገኘሁት። ቬልቬቱ እንዳይሻክረው ከውስጥ የሳቲን ገበር አደረግሁለት፣ ከታች ዘርፍ ጨመርሁለት፣ የእጅ ዋጋዬንም ለሆስፒታላችን ይሁን ብዬ ተውሁት። አሁንም ቢሆን ስፌቱን ያየ ልብስ ሰፊ ሁሉ ይመሰክርልኛል። ዚፑን በየት በኩል ላድርገው ብዬ ስጠይቅዎ የሰጡኝ መልስ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፤ ዚፕ ካለው ይከፈታል፣ ከተከፈተ ይነካል፣ ከተነካ ይቧጨራል አሉኝ። ስለዚህ ከላይ አልብሼ ከሥር ዙሪያውን በእጅ መርፌ ድርብ ክር አድርጌ ዘጋሁት። አዲስ ሶፋ ገዝቶ ላስቲኩን ሳያነሳ የሚቀመጥ ሰው አይቻለሁ፤ ሶፋውን ሸፍኖ ከነቤተሰቡ መሬት ላይ የሚቀመጥ ግን በእርስዎ አየሁ። ልብስ ሰፊ ምን አገባው ብዬ ዝም አልሁ። ያኔ ልጄ ገና አላረገዘችም ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ፎቶው። ልብ ካሉት፣ ሽፋኑ ከተሰፋ ወዲህ አንድ ጊዜ ተፈትቷል። ሌሎች ለጋሾች ሊጎበኙን ነው ሲባል መቀሴን ይዤ ተጠራሁ፤ ማሽኑ ሲገለጥ ከካርቶኑ እንደወጣበት ቀን ያብረቀርቅ ነበር። ለፎቶው ነፍሰ ጡር አስፈለገችና፣ ለክትትል ተራ ይዘው አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት መካከል ልጄ ፊቷ ለፎቶ ይሆናል ተብላ ተመረጠች። ሆዷ ገና መግፋት መጀመሩ ነበር። ቀዝቃዛውን ቅባት ቀቧት፤ ሐኪሙ መመርመሪያውን ሆዷ ላይ አሳረፈ፤ እርስዎም ራስጌዋ ቆሙ። ጎብኚዎቹ ከስክሪኑ ጀርባ ስለቆሙ አልታያቸውም እንጂ ስክሪኑ ጥቁር ነበር። ልጄ አንገቷን አዙራ ተመለከተችውና "ልጄ የታለ?" ብላ ጠየቀች። እርስዎ ጎንበስ ብለው፣ "አንቺ ብቻ ፈገግ በይ" አሏት።

ፈገግ አለች። ያሳደግናት ትልቅ ሰው እንድታከብር ነው። ማሽኑ ሶኬት ላይ እንኳ አልተሰካም ነበር፤ ሽቦው እግሬ አጠገብ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ስለነበር አይቼዋለሁ። ጎብኚዎቹ አጨበጨቡ፣ ሄዱ፤ እሷ የሆዷን ቅባት በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ተነሣች፤ እኔም መርፌዬን አውጥቼ መልሼ ሰፋሁት። ፎቶው ዛሬ ኮሪደሩ ላይ በትልቁ ተሰቅሏል፤ ከሥሩም "እናቶቻችን በዘመናዊ መሣሪያ ይመረመራሉ" ይላል። ልጄ ትናንት በቃሬዛ ስትገባ በዚያው በራሷ ፎቶ ሥር ነው ያለፈችው። ከተረፈዎ አንድ ቅጂ ቢሰጡን ሳሎናችን ውስጥ እንሰቅለዋለን።

አራተኛ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ በየጠዋቱ ሥራዋን በሽፋኑ እንድትጀምር በማዘዝዎ ኮርተንብዎታል። የወሊድ ክፍሉ ወለል ተራውን ይጠብቃል። ቬልቬት አቧራ ይስባልና የሽፋኑን ሽፋን ደግሞ ከላስቲክ እንድሰፋ ባለፈው ሰሞን ሲያዙኝ የቀለዱ መስሎኝ ስለሳቅሁ ይቅርታ ይደረግልኝ።

አምስተኛ፣ ወጣቱ ሐኪም። ከተማ ሄዶ በዚህ ማሽን መሥራትን የተማረው በዚያው በሣጥኑ ገንዘብ ነው። የተማረው እንዳይጠፋበት ምሳ ሰዓት ላይ ሱቄ ብቅ ይልና መተኮሻዬን ይዞ ይለማመዳል፤ ጨርቁ ላይ በቀስታ እያንሸራተተ፣ እንዲህ ዘንበል ሲያደርጉት የልጁ ጀርባ ይታያል፣ እንዲህ ሲያዞሩት ደግሞ ልቡ ይለኛል። ሐኪም ሆኖ እንዲህ አጥርቶ የሚተኩስ አላየሁም። ደንበኞቼ ሁሉ ሸሚዛቸውን አመስግነውልኛል፤ ምስጋናው ግን ለእርስዎ ስለሚገባ አስተላልፌአለሁ።

ስድስተኛው ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ እሱን ግን ቁጥር ሳልሰጠው ልናገር። ትናንት አዋላጅ ነርሷ ልጄን ከተመለከተች በኋላ ለብቻችን ጠርታን፣ የእንግዴ ልጁ ከታች ሆኖ የማሕፀኑን አፍ ዘግቶት ይሆናል ብዬ እፈራለሁ አለች። እንደዚያ ከሆነ ምጥ ሳይጀምራት በቀዶ ጥገና መውለድ አለባት፤ ካልሆነ ደግሞ ያለ ነገሩ ሆዷን መቅደድ አያስፈልግም፤ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ግን በአልትራሳውንድ ብቻ ነው፤ ሳላይ በእጄ ልመርምር ብል ደሙ ይብስባታል አለች። የንብረት ኮሚቴው ዘንድ ሄደች፤ ያለ ሥራ አስኪያጁ ፊርማ አይፈታም አሏት። እርስዎ ዘንድ መጣች፤ የራጅ ማሽኑ ሊመጣ ጥቂት ጊዜ ሲቀረው እንዴት ተደርጎ ብለው ወደ ከተማ ሪፈር እንድትጽፍላት አዘዙ። መንገዱን ያውቁታል፤ የእርስዎ መኪና እንኳ ሲሄድበት አይቼ አላውቅም። አዋላጇ ወረቀቱን በእጇ እንደያዘች ተመልሳ መጥታ፣ "ይቺ ልጅ በዚያ መንገድ ከሄደች ሁለት ሆና አትደርስም" አለችን።

ባለቤቴ እጇ ጆሮዋ ላይ ነበር። ብዙ ትናገራለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ በእኔ ላይ ከተነሳች እንደማትመለስ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ያለችኝ ግን ይህን ብቻ ነው፦ "የሰፋኸው አንተ ነህ። ታዲያ እኔ ማንን ልለምን?"

ክቡርነትዎ፣ ለአንድ አፍታ ወጉን ልተወውና፣ ፈርቻለሁ። ያለችን እሷ ብቻ ናት። ሌሊቱን ስሟን እየጠራሁ፣ ካልመለሰችልኝ እጇን እየነካካሁ ነው ያነጋሁት። ያ ሣጥን ባጠገባችን ሲያልፍ ሁላችንም የከተትነው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው እንጂ ለቬልቬት አልነበረም። ሌላ ማሽን አልጠየቅሁም፣ ገንዘብም አልጠየቅሁም፤ አንዲት የእርስዎን ፊርማ ነው የምጠይቀው፤ መቀሱን እኔ አመጣለሁ፣ ምርመራው እንዳለቀም ድርብ ክሩን መልሼ እሰፋዋለሁ፣ ሊቀመንበሯ ሲመጡም ማንም እንደነካው አያውቁም። ይህን ስጽፍ በራሴ አፍራለሁ፤ ግን ጽፌዋለሁ።

እስከ እኩለ ቀን መልስዎን በትሕትና እጠብቃለሁ።

ለማሽኑ ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎም ማሽኑን የሚያህል ዕረፍት እየተመኘሁ፣ በእጁ ሥራ ከሚኮራውና ትእዛዝዎን አንድም ቀን ካላጓደለው ከበር ላይ ያለው ልብስ ሰፊ፤ የዚያች በኮሪደርዎ ላይ ፈገግ ያለችው ልጅ አባት።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ የተጨመረው ከሰዓት በኋላ ነው። እኩለ ቀን ሲሆን ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን ነገሩኝ፤ የራጅ ማሽኑን አቀባበል እየተመካከራችሁ ነው አሉኝ። ላቋርጥዎ አልደፈርሁም። ማሽኑ ያለበትን ክፍል የጽዳት ሠራተኛዋ ከፈተችልኝና መወልወያዋን ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እባክዎ እሷን አይቆጡ፣ ምንም አላየችም። ድርብ ክር እምቢ ብሎኝ ብዙ ታገልሁ፤ ስፌቱ ጥሩ እንደነበር ነግሬዎታለሁ። ሐኪሙ ሽቦውን ሰካ። ልጄ እንደ ያኔው አንገቷን አዙራ "ልጄ የታለ?" አለች፤ በዚህ ጊዜ በጣቱ አሳያት። ልቡ ይመታል። የእንግዴ ልጁም አዋላጇ እንደፈራችው ከታች ነው፤ መንገድ ወጥታ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ለእርስዎ መንገር አይጠበቅብኝም። አሁን የቀዶ ጥገና ክፍሉን እያዘጋጁላት ነው፤ ውጪ አግዳሚው ላይ ደግሞ ሁለት ነፍሰ ጡሮች ወሬውን ሰምተው ተራ ይዘዋል። ፎቶ አንሺዎን ሊልኩት ከፈለጉ ጥሩ ጊዜ ነው፤ ማሽኑ በርቷል።

ሽፋኑ ጠፋ ብለው ፈላጊ ሰው እንዳያሠማሩ። የወሊድ ክፍላችሁ ብርድ ልብስ ስለሌለው ልጄ ለብሳዋለች። ሳቲኑን በውስጥ በኩል ስላደረግሁት አይሻክራትም፤ ከእግሯ ላይ ብቻ ትንሽ አጥሯታል፤ ስለካው ሰው ይለብሰዋል ብዬ አላሰብሁም ነበር።