በገለታ ግቢ የታየው ወፍ

መስከረም 18 ቀን 2016፣ አምቦ

«የመስቀል ወፍ መጣ!» አሉ አዴ ሌንሴ፣ የገለታ ሚስት፣ በራቸውን ሳንኳኳ። ባይኖኩላሬን አንስቼ ከአጥሩ በላይ የሚታየውን ዋንዛ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ፈተሽኩ። ለካ ወፉ እኔ ነኝ።

ከገለታ ጋር አብረን ስናስተምር ቅዳሜ ቅዳሜ ደንዲ ሐይቅ እንሄድ ነበር። ኅዳር ላይ ከባሕር ማዶ የሚመጡትን ዳክዬዎች ገለታ ይቆጥራል፣ እኔ እጽፋለሁ። መጋቢት ላይ ጥለውን ሲሄዱ ሁለታችንም እናኮርፋለን። ዛሬ የመጣሁት «እንደ ድሮው እንሂድ?» ልለው ነበር።

እሱ ቀደመኝ። «ተዋት ጃል፣ ሌንሴ ተሳስታለች። የመስቀል ወፍ የትም አይሄድም። በጋ ሲገባ ላባው ይደበዝዝና ድንቢጥ መስሎ እዚሁ ይከርማል።»

ሳቅሁ። ሳልጠይቀውም ወጣሁ።

ቤቴ ከቤቱ ሦስተኛው ነው።