ጠያቂዋ የፖስታ ቤት ተተኪ፦ የወይዘሮ አበዛሽ በሪሁን የሕይወት ጉዞ

ወይዘሮ አበዛሽ ከአባታቸው ከአቶ በሪሁን ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ዘውዴ፣ በኢሉባቦር ጎሬ ከተማ በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። አፋቸውን ሲፈቱ መጀመሪያ ያሉት ቃል «ለምን?» ነው ተብሎ በቤተሰቡ ይወራል፤ እውነት መሆኑን አጣርተው ለማወቅ የሞከሩት ግን እርሳቸው ብቻ ናቸው። በጎሬ እስከ አሥረኛ ክፍል ሲማሩ ጥያቄያቸው ስለማያልቅ፣ ደወል ሲደወል ከክፍል ቀድመው የሚወጡት መምህራኑ ነበሩ።

በ1968 ዓ.ም. ከመምህር ጥዑመልሳን ጋር ትዳር መሥርተው፣ መምህሩ ሲዛወሩ አብረው ወደ ጋምቤላ ወረዱ። ሩሐማንና ሶሊን ወለዱ። ሙቀቱ ብዙ ደገኛ አስመርሮ ሲመልስ፣ እርሳቸውን ያቆያቸው የማወቅ ጉጉት ነው። ባሮ ወንዝ ዳር ዓሣ የሚያጠምደውን ሰው መረቡን ማን እንደሠራው፣ ከኢታንግ የመጣውን እንግዳ ወንዙ የት ድረስ እንደሞላ ሳይጠይቁ አያልፉም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይሉ ነበር። ጎረቤታቸውን አቶ ኦቻንግን፣ የግብርና ቢሮ ሠራተኛውን፣ ስለ አኙዋ ብሔረሰብ የጥሎሽ ዶቃ ጠይቀው ጠይቀው፣ በራሳቸው በአቶ ኦቻንግ እኅት ጋብቻ የተነሣውን የቤተሰብ ጠብ ሳይቀር አስነግረዋቸዋል።

መምህር ጥዑመልሳን በ1985 ዓ.ም. በወባ ሲያርፉ ቤቱ ያለ ገቢ ቀረ። በ1987 ዓ.ም. ጋምቤላ ገና ክልል ሆና ቢሮው ሁሉ ሲከፈት ደብዳቤውም በዛ። በዚያው ሰሞን ቋሚው የፖስታ ቤት ሠራተኛ አቶ ዘርአብሩክ ታመሙና በግማሽ ቀን የሚሠራ ጊዜያዊ ተተኪ ተፈለገ። ወይዘሮ አበዛሽ ተወዳድረው ፈተናውን አለፉ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ዋስ። ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሰው፣ አንዳች ቢጠፋ እኔ እጠየቃለሁ ብሎ መፈረም ነበረበት።

ከተማው ሁሉ የሚወዳቸው ሴት ዋስ አጡ። የታሸገ ደብዳቤ ለጠያቂ ሰው እንዴት ይሰጣል? ባለቤታቸው ያስተምሩበት የነበረው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሳይደብቁ ነገሯቸው፦ «እትዬ አበዛሽ፣ እጅዎን አምነዋለሁ። ለአፍዎ ግን እንዴት ልፈርም?» ሌላውም መንገድ ላይ ሲያያቸው መታጠፊያ ይፈልግ ጀመር። እስከ ዓርብ ዋስ ካልቀረበ ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ ልጆቹም ጎሬ አጎታቸው ዘንድ ሄደው ሊያድጉ ነው። ዘመኑ ሰው ሁሉ «የማን ወገን ነህ?» የሚባባልበት ስለነበር፣ አቶ ኦቻንግን ለደገኛ ዋስ ሆነ አሰኝቼ አስቸግራለሁ ብለው አፋቸውን አልከፈቱም። ያን ሁሉ ሲጠይቁ የኖሩ ሴት ይህን መጠየቅ ከበዳቸው።

ዓርብ ጠዋት አቶ ኦቻንግ የደመወዝ ማስረጃቸውን ይዘው ፖስታ ቤት ገቡ። ማንም አልላካቸውም። ፈርመው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ለጥቂት ወራት የተባለው ምትክነት እየተራዘመ ቆየ። በ1993 ዓ.ም. ቋሚ ሆኑ፤ በ2007 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናበቱ። የራሱ የፖስታ ሣጥን ያለው ሰው ጥቂት ነበር፤ የሌላው ደብዳቤ በትምህርት ቤትና በቤተ ክርስቲያን ሣጥን ይመጣል፤ ዱዎት በሚባል አንድ ስም የሚጠራ ሰው ደግሞ ብዙ ነው። አባቱን፣ ቀበሌውን፣ የሚጽፍለትን ዘመድ ጠይቀው ለባለቤቱ ያደርሱ ነበር። ፖስታው ላይ ያለውን ሁሉ ይጠይቃሉ፤ ውስጡን ግን አንድም ቀን አላዩም። ደብዳቤ ሲያነብ የሚያለቅስ ሰው ካዩ፣ ወንበር ስበው አስቀምጠው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ይህን ያዩ ሁሉ ይመሰክራሉ።

አቶ ኦቻንግን ግን ለምን እንደፈረሙላቸው ሳይጠይቁ ኖሩ። መጀመሪያ ሐሳባቸውን ይለውጣሉ ብለው ፈሩ፤ በኋላም አፈሩ።

ከባለፈው ዓመት ጀምሮ የስኳር ሕመማቸው በርትቶ አልጋ ላይ ሲውሉ፣ ሐኪሞቹን ስለ እያንዳንዱ መርፌ ሲያስጨንቁ ሰነበቱ። አቶ ኦቻንግ ሊጠይቋቸው በመጡ ቀን ሁሉን ዝም አሰኝተው፣ «ያን ጊዜ ለምን ፈረምክልኝ?» አሏቸው።

አቶ ኦቻንግም፣ «የጠየቅሽኝን ሁሉ ነገርኩሽ» አሉ። «የእኅቴንም ነገር ነገርኩሽ። ከሌላ ሰው አፍ ግን ተመልሶ አልሰማሁትም።»

ወይዘሮ አበዛሽ የአቶ ኦቻንግን እጅ ይዘው አለቀሱ፤ ሌላም አልጠየቁም። በማግስቱ፣ ኅዳር 18 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ዐረፉ። ልጆቻቸውን ሩሐማንና ሶሊን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም ዛሬ ከቤተሰቡ ጋር የቆሙትን ዋሳቸውን አቶ ኦቻንግን ትተው ሄደዋል።

የተሰወረውን ሁሉ የሚያውቅ አምላክ በቸርነቱ ይቀበላቸው፤ ጠይቀው ያልደረሱበትንም እርሱ ራሱ ይንገራቸው። አሜን።