ጥቁር ልብሴ መርከብ ላይ ተሸለመ

አያልዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። ጥቁሩን ከላዬ ካወለቅኩ ግን ገና ሦስት ሳምንቴ ነው። ሌላ ሰው ቀድሞ ሳያሳብቅብኝ እኔው ልንገርህ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ቤታችን ደህና ነው። የደብረ ብርሃን ብርድም እንደምታውቀው ነው፤ ፋብሪካው ጡረታ ስትወጣ የሰጠህን ብርድ ልብስ ደርቤ ነው የምተኛው። ያን እድሜ ልክህን «ነገ እሠራዋለሁ» ስትለው የኖርከውን የጓሮ በር ልጅህ ዳዊት በአንድ ጠዋት ሠራው። አትቀየመው።

ሙት ዓመትህ ዕለት ዘመዶችህ ከአገርህ ከጎረቤላ መጥተው፣ የንስሐ አባታችንም ባሉበት፣ ከሉን አውልቂ አሉኝ። እምቢ አልኩ። የንስሐ አባታችን «ልጄ፣ ለሐዘንም ልክ አለው» ቢሉኝም አልሰማኋቸውም። ሁሉም ሐዘኔ የጸና መሰለው። እውነቱን ላንተ ልንገርህ፣ ፈርቼ ነው። ድምፅህ እየጠፋብኝ ነበር። ፊትህስ ፎቶ አለው፤ ድምፅህን ግን ባስበው ባስበው አልመጣልኝ አለ። አንድ ቀን እንኳ ስልኬ ላይ ሳልቀዳህ ሄድክ። ይህን ጥቁር ካወለቅኩ ካንተ ምን ይቀረኛል ብዬ ሙጭጭ አልኩበት።

ልጅህ ሐና ነገሩ ቢያሳስባት እሷ ወዳለችበት ዱባይ ጠራችኝና፣ እኔንና ልጇን ቤቲን የአምስት ቀን የመርከብ ሽርሽር ይዛን ወጣች። መርከብ ስልህ ጀልባ እንዳይመስልህ። ከተማ ነው፤ አሳንሰር አለው፣ ገበያ አለው፣ ሙዚቃው አያቆምም፣ ሰዉ ከቁርስ እስከ እራት ሠርግ ቤት እንደዋለ ነው። ክፍላችንን የምታጸዳው ሴት ፎጣውን ዝሆን አድርጋ አልጋዬ ላይ ታስቀምጥልኛለች፤ እኔ ደግሞ ፈትቼ በወጉ አጥፌ እመልስላታለሁ። በማግስቱ ዝንጀሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። ባሕሩንም አየሁልህ። አንኮበር ላይ ጠዋት ጉሙ ቆላውን ሲሞላው «ባሕር ማለት ይኸው ነው» ትለኝ ነበር፣ አይተኸው እንደምታውቅ ሁሉ። ብዙም አልተሳሳትክም፤ ጉም ጨው ጨው አይሸትም እንጂ።

በየቀኑ ደግሞ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት በር ላይ ይሰኩልናል። የምግብ ዝርዝር መስሎኝ ሳላነብ ቦርሳዬ ውስጥ እከተዋለሁ። ለካስ የምሽቱ ፕሮግራም ነው፤ በየምሽቱ ምን ዓይነት ልብስ እንደሚለበስ የሚናገረው እሱ ነው። በመጀመሪያው ምሽት ሰዉ ሁሉ አበባ አበባ ሸሚዝ ለብሶ ሳየው እንኳ የፈረንጅ ነገር ብዬ አለፍኩት።

በሦስተኛው ምሽት ሐና ቤቲን እስክታለብሳት ቀድሜ ወደ እራት አዳራሽ ገባሁ። አያልዬ፣ አዳራሹ ሙሉ ጥቁር ለብሷል። ወንዱ ጥቁር፣ ሴቱ ጥቁር፣ አስተናጋጁ ጥቁር። መርከቡ ላይ ሰው ሞቷል፣ ከትልልቆቹም አንዱ ሳይሆን አይቀርም አልኩ። ለቅሶ ቤት ገብቶ ዝም ይባላል? ነጠላዬን አዘቅዝቄ መጀመሪያ ያገኘኋቸው ባልና ሚስት አዛውንቶች አጠገብ ተቀመጥኩና፣ የሴትየዋን እጅ ይዤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» እያልኩ እንባዬን አፈሰስኩት። ሴትየዋ አንድም ቃል ሳይገባት አቅፋ ጀርባዬን ትደባብሰኝ ጀመር። አስተናጋጁ ውሃ ይዞ ሮጠ። ይኼኔ ሐና ጥቁር ለብሳ፣ ቤቲንም ጥቁር አልብሳ ከተፍ አለች። ዳዊትን ከቤት ትቼው መጥቻለሁ እኮ! «ማን ሞተብን?» ብዬ ጮኽኩ።

ሐና ነገሩ ሲገባት መቆም እስኪያቅታት ሳቀች። እንደምንም አስረዳችኝ፤ የጥቁር ልብስ ምሽት ነው፣ ማንም አልሞተም። እኔ ገና አፌን ከፍቼ ሳለሁ ማይክ የያዘው ሰውዬ መጥቶ ከመቀመጫዬ አስነሳኝ። ሰዉ አጨበጨበ። በምሽቱ ምርጥ ጥቁር ልብስ የለበሰች ተብዬ አንገቴ ላይ ሜዳሊያ ተንጠለጠለ። ያንተ ከል ተሸለመ!

ሳቅ አመለጠኝ። ጎኔን እስኪወጋኝ ሳቅኩ፣ ካንተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። እና በሳቄ መሃል ድምፅህ መጣ። እዚያው ጆሮዬ ሥር፣ ያው ትንሽ ሻከር ያለው፦ «አይ መምህርት! ተማሪውን ትእዛዙን አንብቡ እያልሽ ስትቆጪ ኖረሽ!» ዞር ብዬ ላይህ ምንም አልቀረኝም ነበር። አንተን የማገኝህ ጥቁሩ ውስጥ መስሎኝ፣ ለካስ ሳቅ ስሸሽ ካንተም እየሸሸሁ ኖሬያለሁ።

ከሳቅኩበት በኋላ ያ ልብስ የሐዘን ልብስ መሆኑ ቀረ። አጥቤ አጠፍኩት። በማግስቱ ሐና ደብቃ ያመጣችልኝን ነጭ ቀሚስ ለብሼ ወጣሁ። ያን ዕለት እስክጠግብ በላሁ፣ እስኪነጋም ተኛሁ።

ለሁለተኛው ሙት ዓመትህ አንኮበር መቃብርህ ዘንድ የምመጣው በነጭ ነው። ሰው የፈለገውን ይበል። አልረሳህም፣ የኔ ጌታ። ድምፅህ ዳግመኛ የጠፋብኝ እንደሆነም አልደነግጥም፤ አንድ የሞኝ ስህተት እሠራና እስክትስቅብኝ እጠብቅሃለሁ።

ያንተው መምህርት