የአያ ባምላኩ ከብቶች

ለውድ ወንድሜ ለያረጋል ታከለ፤

ወንድምዓለም፣ ከደጀ ሰላሙ ሳትርቅ፣ ከየኔታ ገብረ ኢየሱስም ምርቃት ሳትጎድል ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ጨጓራህስ ተሻለህ ወይስ ዛሬም በጾም እያመካኘህ ሳትበላ ትውላለህ? የዚያ ደጋ ክረምት እንዴት አደረገህ? እማዬ ዝናብ በጣለ ቁጥር የልጄ ጋቢ ሳስቶ ይሆን ማለቷን አልተወችም። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ካለህበት ገዳም ስልክ ስለማይገባ ይህን ጽፌ በዲያቆን ክንፈሚካኤል እጅ ልኬልሃለሁ፤ መልስህን ሳትሰጠው እንዳትሸኘው።

በሰኔ ፈተና እንደጨረስን ዩኒቨርሲቲው ክረምቱን ገንዘብ ነክ መሥሪያ ቤት ገብታችሁ ተለማመዱ ብሎ በተነን። ጓደኞቼ አዲስ አበባና ባሕር ዳር ትልልቅ ባንክ ሲገቡ እኔን ቡሬ አንድ የገበሬዎች ቁጠባና ብድር ማኅበር ደረሰኝ። ለአንተ ምን እደብቃለሁ፣ አፍሬ ነበር። ሦስት ዓመት ፋይናንስ ተምሬ ተመልሼ ጭቃ ልረግጥ ነው ወይ እያልኩ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩ።

ኃላፊያችን ወይዘሮ ሠርክአዲስ ይባላሉ። ቁጡ ናቸው፤ ሲያስተምሩ ግን አይሰስቱም። በሐምሌ መጨረሻ ቅጽ አስይዘው በሽንዲ መንገድ ወዳለች አንዲት ቀበሌ ላኩኝ። እዚያ አሥር ገበሬዎች አያ ባምላኩ የሚባሉ ሽማግሌን መሪ አድርገው፣ ለውኃ መሳቢያ ሞተር መግዣ ብድር ጠይቀዋል። ሞተሩ ከተገዛ ክረምቱ እንደወጣ ከወንዙ እየሳቡ ድንችና በርበሬ ያለማሉ፤ ካልተገዛ መሬቱ እስከ ሰኔ ጦሙን ያድራል። ብድሩን የሚወስነው ኮሚቴ የሚሰበሰበው በነሐሴ ማብቂያ ብቻ ስለሆነ ያ ካመለጣቸው የዘንድሮው መስኖ ቀረ ማለት ነው።

ቅጹ ላይ የከብት ብዛት የሚል መጠይቅ አለ። አያ ባምላኩን ስጠይቃቸው ምን ከብት አለኝ ብለሽ ነው ልጄ፣ ይችው አንዲት ከሲታ ላም ናት አሉኝ። አንድ ብዬ ጻፍኩ። ቀጣዩ ደግሞ ኧረ ምንም የለኝ፣ እንዲያው በእግዜር ቸርነት ነው የምኖር አለኝ። ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። አሥሩንም እንዲህ ሞልቼ፣ ምን ዓይነት ምስኪኖች ናቸው እያልኩ ሆዴ ባብቶ ተመለስኩ። በል ሳቅብኝ! አባባ ከብቱ በረት ሞልቶ ሲያገሳ ኧረ ባዶ ቤት ነው ሲሉ እየሰማሁ ያደግኩ የታከለ ልጅ፣ ከብትን አፍ አውጥቶ መቁጠር ለክፉ ዓይን መስጠት መሆኑ እንዴት ይጠፋኛል? ትምህርቱ ሲገባ ይህኛው ዕውቀት በየት በኩል እንደወጣ እንጃ።

ወይዘሮ ሠርክአዲስ ቅጾቹን አገላብጠው በዚህ ወረቀት ከአሥሩ አንድም ሰው አይበደርም፣ መክፈል አንችልም ብለው የፈረሙ ነው የሚመስለው አሉኝ። ኮሚቴው ሊሰበሰብ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። አሥር ቤተሰብ በእኔ እስክሪብቶ ደሀ ሆነ ብዬ አለቀስኩ፤ እውነቴን ነው።

በማግሥቱ ጫማዬን በእጄ ይዤ ያን ጭቃ ወረድኩት። መንገድ ላይ ሳወጣ ሳወርድ አንድ ነገር ገባኝ፤ ያገራችን ሰው ያለውን ይደብቃል እንጂ ለሰው ያደረገውን አይደብቅም። ስለዚህ አያ ባምላኩን ስለ ከብት ትንፍሽ አላልኩም። ጎረቤት ለደቦ ሲጠራዎት ስንት ጥማድ ይዘው ይወጣሉ አልኳቸው። ቀና ብለው፣ ሁለት፣ የአቅመ ደካማ እርሻ ሲሆን ሦስትም አወጣለሁ፣ ያሻሽን ጠይቂ አሉ። ሦስት ጥማድ ማለት እኮ ስድስት በሬ ነው! ሌሎቹም ሽሚያ ገቡ፤ አንዱ የረሳውን ጎረቤቱ ያስታውሰው ነበር።

ወይዘሮ ሠርክአዲስ አዲሱን ቅጽ ሲያዩ ሳቁ። ዘጠኙን ተቀብለው፣ የቡድኑ መሪ ግን ላሙም ጥጃውም ተደምሮ ሙሉ ቁጥሩ ይጻፍ፣ ኮሚቴው ግድ ይላል አሉ። በገበያ ቀን አያ ባምላኩ ተጠርተው መጡ። ቢሮው በሰው ጢም ብሏል። ግራ ቀኙን ሰዉን ቃኙ። እንቢ ብለው ሊወጡ ነው ስል፣ አፋቸውን በጋቢያቸው ከልለው ጎንበስ አሉና ቁጥሩን በጆሮዬ ነገሩኝ። ወይዘሮ ሠርክአዲስ የአዋጁን በጆሮ ብለው ቀለዱ። እኔ ግን ጻፍኩና ወረቀቱን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

ብድሩ ባለፈው ሰኞ ጸደቀ። ሞተሩ ለመስቀል ይደርሳል ብለዋል። ወይዘሮ ሠርክአዲስ እኔንም ስትመረቂ ወደዚሁ ነይ ብለውኛል፤ እመጣለሁ፣ ደስ ብሎኝ።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች፣ በሶም ልካልሃለች። ታናሻችን ምሕረት ስምንተኛ ክፍልን አልፋለች፤ አንተ ካልመጣህ አልመርቅህም ትላለች፣ ማን ማንን እንደሚመርቅ እንጃ። የየኔታን ጉልበት ሳምልኝ። አባባም ሰላም ብለውሃል። የአያ ባምላኩ ከብት ስንት ሆነ እያሉ ሁለት ቀን ወተወቱኝ፤ አልነገርኳቸውም፣ ለአንተም አልጽፍልህም። በሦስተኛው ቀን፣ እንዲህ ከሆነማ የኔንም መጥተሽ ጻፊልኝ አሉኝ።

እህትህ ውዳሴ ታከለ
ቡሬ፣ ነሐሴ 26 ቀን 2014 ዓ.ም.