«በጎ አመለካከት» ላላት አዋላጅ ስለሚሰጠው ዲግሪ

ለተከበሩ ዶክተር ምናለ ይሻው
የጉና ጥላ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሥርዓተ ትምህርት ኃላፊ
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፣

የደጋው ብርድ ጉልበትዎን ሳይነካው፣ የስብሰባውም ብዛት ድምፅዎን ሳይዘጋው ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔም ደህና ነበርኩ፤ የአዋላጅ ነርስ ዲግሪያችሁን የመማር ውጤቶች ካነበብኩ ወዲህ ግን የተሳሳተው መነጽሬ መስሎኝ ስወለውለው ሰነበትኩ።

አስቀድሜ፣ ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህር መሆኔን አስታውሰው «የኅብረተሰብ ተወካይ» በሚል ማዕረግ ለውይይቱ ስለጋበዙኝ አመሰግናለሁ። በዚያ ዕለት ተመራቂዋ ትምህርቷን ስትጨርስ ምን መሥራት እንደምትችል የሚገልጹትን ዓረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ አንስቼ፣ «መቻሏን በምን እናያለን?» ብዬ ጠየቅሁ፤ እናንተም በጭብጨባ ተቀበላችሁኝ። ከጭብጨባው በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

፩ኛ. ረቂቁ «የምጥን ሂደት ትገነዘባለች» ይል ነበር። እኔ «በባለሙያ ቁጥጥር ሥር በገዛ እጇ ታዋልዳለች፣ ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደምንም ታቆማለች» ይባል አልኩ። በጸደቀው ሰነድ ላይ ያገኘሁት ግን «ስለ ማዋለድ በጎ አመለካከት ታዳብራለች» የሚል ነው። የኮሚቴው ጸሐፊ ወይዘሮ አሰፋሽ በትሕትና እንዳስረዱኝ፣ «ታዋልዳለች» ብሎ መጻፍ ከሆስፒታል ጋር መዋዋልን፣ ተቆጣጣሪ መመደብንና የሚያመላልስ መኪናን ያስከትላል፤ አመለካከት ግን ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይዳብራል። ምስጋናዬ ይድረሳቸው፤ በዚህ ጉዳይ ሁሉ እውነት የሰማሁት ከእሳቸው ብቻ ነው።

፪ኛ. አምስተኛው ውጤት «እንግዳ ስትቀበል ፈገግታ ታሳያለች» ይላል። የሆቴል አስተዳደር ክፍሉ ሰነድ ሲገለበጥ አብሮ የመጣ መሆኑ ገብቶኛል፤ ያም ሆኖ ሕፃንም እንግዳ ነውና ብዬ በበጎ ልተረጉመው ሞከርኩ። ቀጣዩ «የአልጋ ልብሱን ቀለም ከመጋረጃው ጋር ታስማማለች» ስለሚል ግን የመተርጎም አቅሜ እዚያው ላይ አለቀ። ይህን አንብበው የፈረሙትን የኮሚቴ አባላት ሁሉ አደንቃለሁ፤ ሳያነብቡ ከፈረሙም አድናቆቴ አይቀንስም።

፫ኛ. ይህኛው አያስቅም። የጎረቤቴ የልብስ ነጋዴው የይማም ልጅ ፈትያ፣ በዐረብ አገር የሰው ቤት ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ የተመዘገበች የእናንተው ተማሪ ናት፤ በመጪው ወር ትመረቃለች። ያዋለደችው የጎማ አሻንጉሊት ብቻ ነው። ቤቴ መጥታ፣ «ጋሽ ሙላቴ፣ አሻንጉሊቱ እኮ አይደማም፤ የምትደማ ሴት ብትመጣብኝ ምን ልሆን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሆስፒታል ገብታ እስክትለማመድ ድረስ ምረቃዋ እንዲዘገይላት ለጽሕፈት ቤትዎ አመለከተች፤ «የተቀመጡትን ውጤቶች በሙሉ ስላሟላሽ ጥያቄሽ ተቀባይነት የለውም» ተባለች። በማስተማር ዘመኔ ሳያውቁ እንዲያልፉ የሚለምኑ ተማሪዎች በብዛት ገጥመውኛል፤ ገና አላወቅሁምና አታሳልፉኝ ያለችን ተማሪ በግድ ሲያሳልፍ ያየሁት ግን የእርስዎን ኮሌጅ ብቻ ነው። ይህን ነው የትምህርት ጥራት የምትሉት? እኔስ ነውር እለዋለሁ።

ፈትያ የምትመደበው ክረምት ሲገባ አምቡላንስ የማይደርስበት ቀበሌ ጤና ጣቢያ ሊሆን ይችላል፤ ያውም ብቻዋን። በጭቃ በቃሬዛ ተጭና የደረሰች እናት አመለካከቷን አትጠይቃትም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ «ታዋልዳለች» የሚለው ይመለስ፤ ፈትያና ጓደኞቿም በባለሙያ ፊት እስኪያዋልዱ ምረቃው ይቆይ። ይህ የማይቻል ከሆነ፣ ቢያንስ ዲግሪው ላይ «ይህች ባለሙያ አዋልዳ አታውቅም» ብላችሁ በጉልህ አትሙበት፤ ቤተሰብ ቃሬዛውን ወዴት እንደሚያዞር ያውቃል።

ለተቀመጡበት ወንበር ከፍ ያለ አክብሮት ያለኝ፣ ስለተቀመጡበት ምክንያት ግን አሁንም ማስረጃ በመጠባበቅ ላይ የምገኝ፣

ሙላቴ ደሳለኝ
ጡረተኛ መምህር

ተጨማሪ፦ ሴት ልጅዎ የመውለጃዋ ወር መግባቱን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ማርያም በሽልም ታውጣት። ባሕር ዳር ወስደው፣ የምትይዛት አዋላጅ ከዚህ በፊት ስንት ሴት በእጇ እንዳዋለደች ሦስት ጊዜ አስጠይቀዋል አሉ። ለካስ የሚለካ መመዘኛ ማውጣቱን ያውቁበታል።